ቴምፕዲቢን ከሲ ድራይቭ ማውጣት፦ የኤስኪውኤል ሰርቨር ጊዜያዊ ፋይሎችን ቦታ የመቀየር መመሪያ

ጠዋት ሲከፈት ደህና የነበረው ሲስተም ቀትር ሲቃረብ መንቀራፈፍ ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ሪፖርት አልወጣ ይላል፣ ሽያጭ አልመዘገብ ይላል፣ ካሸሯም ደንበኛውን «ሲስተም የለም» ብላ ትመልሳለች። ሰርቨሩ ላይ ሲታይ የሲ ድራይቭ መስመር ቀልቷል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ 20 ወይም 30 ጊጋባይት ባንዴ ይለቀቃል፣ ሥራው ይቀጥላል፣ በሳምንቱ ያው ይደገማል። ዳታው ሳያድግ፣ ባክአፕም ሳይከማች፣ በሪስታርት ብቻ የሚለቀቅ ቦታ ካያችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቴምፕዲቢ ነው።

ቴምፕዲቢ፣ የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም የሆነው ኤስኪውኤል ሰርቨር ለራሱ ሥራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማከማቻ ነው። ትልቅ ሪፖርት በቅደም ተከተል ሲደረደርና ራሙ ሲያንስ፣ ፕሮግራሙ በሃሽ ምልክት የሚጀምር ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ሲፈጥር፣ ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) «በቴምፕዲቢ ውስጥ ደርድር» ተብሎ በአዲስ ሲሠራ፣ ቼክዲቢ የዳታቤዙን ጤንነት ሲመረምር፣ ሁሉም እዚያ ይጽፋሉ። ከ2016 እስከ 2022 ባሉት እትሞች ነፃው ኤክስፕረስ ለዳታ ማቆያ ከ1,410 ሜጋባይት በላይ ራም ስለማይወስድ፣ ማሽኑ 16 ጊጋባይት ራም ቢኖረውም ከበድ ያለ ሪፖርት ቶሎ ወደ ዲስክ ይፈሳል። ከ2016 ጀምሮ ኢንስቶለሩ የቴምፕዲቢን ቦታ የሚጠይቅበት ገጽ አለው። አብዛኛው ሰው ግን «ኔክስት» እያለ ያልፈዋል፤ ፋይሉም ዊንዶውስ ካለበት ሲ ድራይቭ ላይ፣ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ይቀራል። ድሬዳዋና ሐረር ባሉ ብዙ ድርጅቶች ሰርቨር የሚባለው አንድ ዴስክቶፕ ስለሆነ፣ ሲ ሲሞላ ዊንዶውሱም ዳታቤዙም አብረው ይታነቃሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ በዚህ ሥራ ውስጥ የሚገለበጥ ፋይል የለም። ኤስኪውኤል ሰርቨር በተነሳ ቁጥር ቴምፕዲቢን ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ ይፈጥረዋል። እናንተ የምታደርጉት «በሚቀጥለው ስትነሳ እዚያ ፍጠረው» ብሎ ማዘዝ ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ፋይል ኮፒ ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ባክአፕ ልውሰድለት ብትሉም ሰርቨሩ አይፈቅድም። ጥንቃቄው ሁሉ መዋል ያለበት አዲሱ ማረፊያ ላይ ነው። ትዕዛዙ ራሱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሰርቨር አልነሳ የሚለው ፎልደሩ ስላልተፈጠረ፣ ፈቃድ ስላልተሰጠ ወይም ዲስኩ ስለጠፋ ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ትዕዛዞች የጻፍናቸው በፊደላችን ነው፤ ማሽኑ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይገባሉ። ነጥቡ፣ ቅንፉ፣ የታች ሰረዙና ነጠላ ጥቅሱ ግን እንዳሉ ናቸው። ትዕዛዝ ከቴሌግራም ወይም ከወርድ ስትገለብጡ ቀጥ ያለው ነጠላ ጥቅስ ወደ ጎባጣ ይቀየራል፤ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቀረ ደግሞ በኮማ ፈንታ ነጠላ ሰረዝ ይገባል። ሁለቱንም ሰርቨሩ አይቀበልም፤ ዓይን ግን ቶሎ አያየውም። ጥቅሱን ደምስሳችሁ በእጃችሁ መልሳችሁ ጻፉት።

አሁን ያለበትን ሁኔታ ማየት

ማኔጅመንት ስቱዲዮን ከፍታችሁ፣ «ኒው ኩዌሪ» ብላችሁ ይህን ጻፉና ኤፍ5 ተጫኑ፦

ዩዝ ቴምፕዲቢ;
ሰሌክት ኔም, ፊዚካል_ኔም, ሳይዝ * 8 / 1024 ፍሮም ሲስ.ዳታቤዝ_ፋይልስ;

ሳይዝ የሚለው ዓምድ የሚቆጥረው እያንዳንዳቸው 8 ኪሎባይት የሆኑ ገጾችን ስለሆነ፣ በ8 አባዝቶ ለ1024 ማካፈል ውጤቱን ወደ ሜጋባይት ይለውጠዋል። ብዙ ሰው ይህን መረጃ ሲስ.ማስተር_ፋይልስ ከሚለው ያወጣና ይሳሳታል። እሱ ስለ ቴምፕዲቢ የሚናገረው ሰርቨሩ ሲነሳ የሚጀምርበትን መጠን ነው። ፋይሉ ዲስኩ ላይ 25 ጊጋባይት ደርሶ ሳለ 8 ሜጋባይት ሊላችሁ ይችላል። አሁን የደረሰበትን የሚነግራችሁ ከላይ ያለው ነው።

የሚወጡትን ስሞች አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጡ። በቆዩ እትሞች ቴምፕዴቭ እና ቴምፕሎግ የሚባሉ ሁለት ብቻ ይሆናሉ። ከ2016 ወዲህ በተጫነ ላይ ቴምፕ2፣ ቴምፕ3 እያለ ይቀጥላል፤ የፋይሎቹም ስም ቴምፕዲቢ_ኤምኤስኤስኪውኤል_2.ኤንዲኤፍ የሚመስል ነው። አሮጌውን ሙሉ አድራሻም ጻፉት፤ መመለስ ካስፈለገ ይጠቅማል።

ከማዛወር በፊት ቦታውን የሚበላው ምን እንደሆነም እዩ፦

ሰሌክት * ፍሮም ሲስ.ዲኤም_ዲቢ_ፋይል_ስፔስ_ዩሴጅ;

ሦስት ዓምዶች ተመልከቱ። ዩዘር ኦብጀክት የሚለው ከበዛ ፕሮግራሙ ራሱ ትልልቅ ጊዜያዊ ሠንጠረዦች እየፈጠረ ነው። ኢንተርናል ኦብጀክት ከበዛ የሚፈሰው የሪፖርት መደርደርና ማጣመር ነው። ቨርዥን ስቶር ከበዛ ግን አንድ ሰው የከፈተውና ሳይዘጋ የተወው ትራንዛክሽን (ተጀምሮ ያልተቋጨ የዳታ ሥራ) አለ፤ ብዙ ጊዜ መስኮቱን ሳይዘጋ ወደ ቤቱ የሄደ ሠራተኛ ነው። እንዲህ ከሆነ ቦታ መቀየሩ ችግሩን ወደ ሌላ ድራይቭ ከማዛወር አያልፍም፤ መጀመሪያ ያ ትራንዛክሽን መዘጋት አለበት።

ይህን መለካት ያለባችሁ በተራ ቀን ብቻ አይደለም። የመንግሥት በጀት ዓመትን የሚከተል ድርጅት ሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋ ቴምፕዲቢው የዓመቱን ትልቁን ሸክም ያያል። ያለፈውን ሰኔ 30 በሎግ ውስጥ የምትፈልጉ ከሆነ ጁላይ 7 ተብሎ ነው የምታገኙት።

ማረፊያውን ማዘጋጀት

የሚሻለው ዲስክ በማሽኑ ውስጥ የተገጠመ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተተወ ኤስኤስዲ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ዲስክ ለባክአፕ ይሁን እንጂ ለቴምፕዲቢ በፍጹም አይሁን። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዩኤስቢው ከሰርቪሱ ዘግይቶ ሊነሳ፣ ወይም ሌላ ፍላሽ ተሰክቶ ከነበረ የድራይቭ ፊደሉ ሊቀየር ይችላል። ቴምፕዲቢ የሚፈጠርበት ቦታ ሲጠፋ ኤስኪውኤል ሰርቨር ጨርሶ አይነሳም። በራም የሚሠራ ዲስክም ያው ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ ፎልደሩም አብሮ ይጠፋል።

ዲስኩ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያም ይገዛ ከአዲስ አበባ ይምጣ፣ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ቲቢደብልዩ የሚባለው፣ ዲስኩ በዕድሜው ስንት ቴራባይት መጻፍ እንደሚችል አምራቹ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። ቴምፕዲቢ ቀኑን ሙሉ ስለሚጽፍ ይህ ቁጥር ዝቅ ያለ ዲስክ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል፣ ጠረጴዛ ሥር ተወትፎ አቧራ በጠጣ ሳጥን ውስጥ ያለ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት በከባድ ጽሕፈት ጊዜ ይግላል፣ ራሱን ለማዳንም ፍጥነቱን ይቀንሳል። የከዚራ ነጋዴ «አዲስ ዲስክ ገዝቼ ለምን ዘገየ» ቢል አይፈረድበትም። ኤንቪኤምኢ ከሆነ ሙቀት ማስተንፈሻ ብረቱ ይለጠፍለት፣ ፋኑም ይጠረግ። ፍጥነቱ ያን ያህል ካላስፈለገ ተራው ሳታ ኤስኤስዲ ለመካከለኛ ድርጅት ይበቃል፤ ሙቀቱም ያነሰ ነው። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች በዚህ በኩል ትቀላለች፤ አቧራው ግን እዚያም አለ።

ዲስኩን በዲስክ ማኔጅመንት ፎርማት ስታደርጉ ኤንቲኤፍኤስ ምረጡ፣ «አሎኬሽን ዩኒት ሳይዝ» የሚለውን ከተለመደው 4 ኪሎባይት ወደ 64 ኪሎባይት ቀይሩ። ኤስኪውኤል ሰርቨር 8 ኪሎባይት የሆኑ ገጾችን ስምንት ስምንት እያደረገ፣ ማለትም በ64 ኪሎባይት እየጠቀለለ ስለሚያስተዳድር ነው። የድራይቭ ፊደል ቲ ስጡት፤ ከሌላ ጋር የመጋጨት ዕድሉ አነስተኛ ነው። «ኮምፕረስ» የሚለውን አማራጭ አትንኩ፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚጽፍበትን ፋይል በተጨመቀ ፎልደር ላይ አይቀበልም።

ከዚያ ቲ ውስጥ ቴምፕዲቢ የሚባል ፎልደር በእጃችሁ ፍጠሩ። ሰርቨሩ ፋይል እንጂ ፎልደር አይፈጥርም። በድራይቩ ሥር በቀጥታ ማስቀመጥም አይመከርም፤ የሥሩ ፈቃድ የተለየ ስለሆነ ያስቸግራል።

ፈቃዱ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኮንፊገሬሽን ማኔጀርን ክፈቱና በሰርቪሶቹ ዝርዝር «ሎግ ኦን አዝ» የሚለውን ዓምድ አንብቡ። ፈቃዱ የሚሰጠው እዚያ ለተጻፈው አካውንት ነው፤ እናንተ አድሚን ሆናችሁ መግባታችሁ ሰርቪሱን አይጠቅመውም። ዋናው ኢንስታንስ (በማሽኑ ላይ ራሱን ችሎ የተጫነ አንድ ኤስኪውኤል ሰርቨር) ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ይህን ነው፦

ኤንቲ ሰርቪስ\ኤምኤስኤስኪውኤልሰርቨር

ኤክስፕረስ ከሆነ ደግሞ፦

ኤንቲ ሰርቪስ\ኤምኤስኤስኪውኤል$ኤስኪውኤልኤክስፕረስ

ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርጉ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ ኤዲት፣ አድ። እዚህ ላይ «ሎኬሽንስ» የሚለውን ተጫኑና ከዶሜኑ (የድርጅቱ ማሽኖች በጋራ ከሚተዳደሩበት ኔትወርክ) ይልቅ ማሽኑን ራሱን ምረጡ። ማሽኑ ዶሜን ውስጥ ካለ ፍለጋው ከዶሜኑ ስለሚጀምር አካውንቱ «አልተገኘም» ይላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ተስፋ ቆርጦ ለ«ኤቭሪዋን» ሙሉ ፈቃድ ይሰጣል። ያንን አታድርጉ፤ ጊዜያዊ ፋይል ውስጥም የደንበኛና የደመወዝ መረጃ ያልፋል። ስሙን ከነ ኤንቲ ሰርቪሱ ሙሉ ጻፉ፣ «ቼክ ኔምስ» በሉ፣ ሲሰመርበት «ፉል ኮንትሮል» ሰጥታችሁ ዝጉ።

ሰዓት መምረጥ

ሰርቪሱ ጠፍቶ መነሳት ስላለበት ሥራ የማይቋረጥበትን ሰዓት ፈልጉ። ድሬዳዋ ላይ ብዙ ሱቅና መጋዘን በቀትር ሙቀት ስለሚዘጋ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ያለው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ቢበላሽ እንኳ ለማስተካከል ቀን ላይ ናችሁ። ሌሊት ከተሠራ ችግር ሲመጣ የሚደወልለት ሰው አይገኝም። ማሽኑ ሰዓት የሚቆጥረው በ24 ስለሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት የሠራችሁትን በኤረር ሎግ ውስጥ 14 ሰዓት ላይ ፈልጉት። ዩፒኤስ ከሌለ ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት ቀን አትጀምሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት የዳታቤዞቹን ባክአፕ ውሰዱ፣ ማስተር የሚባለውን ጨምሮ። የቴምፕዲቢ አድራሻ የሚመዘገበው ማስተር ውስጥ ስለሆነ አይዘለል።

ትዕዛዙን መስጠት

ሁለት ፋይል ብቻ ላለው ሰርቨር ይህ ይበቃል፦

ዩዝ ማስተር;
ኦልተር ዳታቤዝ ቴምፕዲቢ ሞዲፋይ ፋይል (ኔም = ቴምፕዴቭ, ፋይልኔም = 'ቲ:\ቴምፕዲቢ\ቴምፕዲቢ.ኤምዲኤፍ');
ኦልተር ዳታቤዝ ቴምፕዲቢ ሞዲፋይ ፋይል (ኔም = ቴምፕሎግ, ፋይልኔም = 'ቲ:\ቴምፕዲቢ\ቴምፕሎግ.ኤልዲኤፍ');

ቴምፕ2፣ ቴምፕ3 ካሉ ለእያንዳንዳቸው ተመሳሳይ መስመር ጨምሩ፤ የፋይል ስማቸው የተለያየ ይሁን፣ መጨረሻው ኤንዲኤፍ ይሁን። ወረቀታችሁ ላይ ከጻፋችሁት ዝርዝር አንዱ እንኳ ከተዘለለ ያ ፋይል ሲ ላይ ይቀርና እዚያው ማደጉን ይቀጥላል።

አድራሻው ሲጻፍ እስከ ፋይሉ ስም መድረስ አለበት። ፎልደሩን ብቻ ጽፎ ማቆም የተለመደ ስህተት ነው። በዚህ ጊዜ ሰርቨሩ በፎልደሩ ስም ፋይል ለመፍጠር ይሞክራል፣ ዊንዶውስ ይከለክለዋል፣ ሎጉም የፈቃድ ችግር ያለ አስመስሎ ኤረር 5 ይጽፋል። ፈቃዱን ደጋግማችሁ ብታዩ ምንም አታገኙበትም።

ትክክል ከሄደ ፋይሉ በሲስተም ካታሎግ ውስጥ መሻሻሉንና አዲሱ አድራሻ ዳታቤዙ በሚቀጥለው ሲነሳ እንደሚሠራ የሚገልጽ መልእክት ለእያንዳንዱ መስመር ይመጣል። መልእክቱ የሚያረጋግጠው አድራሻው መመዝገቡን ብቻ ነው፤ ሰርቪሱ እዚያ መጻፍ መቻሉ የሚታወቀው ሲነሳ ነው። ስለዚህ አሁን፣ ሪስታርት ሳይደረግ፣ አድራሻውን ከፎልደሩ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ።

እዚህ ላይ መጠኑን አብሮ የመጨመር ፍላጎት ይመጣል። ቆዩ። «ሳይዝ» የሚለው ትዕዛዝ ሪስታርት አይጠብቅም፤ ፋይሉ አሁን ባለበት በሲ ላይ ወዲያው ያድጋል፣ ያለቀውን ድራይቭ ጭራሹን ይሞላዋል። መጀመሪያ ይዛወር፣ ይነሳ፣ ከዚያ ይስፋ።

ማስነሳትና ማረጋገጥ

ፕሮግራሙን የሚጠቀሙት ሁሉ ይውጡ። ከኮንፊገሬሽን ማኔጀር ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚለውን ሰርቪስ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ሪስታርት» በሉ። ዊንዶውስን ራሱን ማጥፋት አያስፈልግም። ኤጀንት የሚባለው፣ የተቀጠሩ ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስጀምረው ሰርቪስ አብሮ ስለሚቆም መነሳቱን እዩ፤ ካልተነሳ የሌሊቱ ባክአፕ ሳይወሰድ ያድራል።

የመጀመሪያውን ኩዌሪ መልሳችሁ አሂዱ። ሁሉም መስመር በቲ መጀመር አለበት። ቲ ውስጥ ያለውን ፎልደርም ክፈቱ፤ ፋይሎቹ አዲስ ተፈጥረው ታዩዋቸዋላችሁ። አሮጌዎቹ ሲ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ሰርቨሩ አያጠፋቸውም። በእጅ ሰርዟቸው፣ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ከገቡም ባዶ አድርጉት፤ የሲ ቦታ የሚለቀቀው ያኔ ነው። ዊንዶውስ «ፋይሉ በሥራ ላይ ነው» ብሎ ከከለከለ አንዱ ፋይል አልተዛወረም ማለት ነው። ወደ ዝርዝሩ ተመለሱ።

መጠንና ብዛት

የፋይሎቹን ብዛት ከፕሮሰሰሩ ሎጂካል ኮር ጋር አስተካክሉ፤ ከስምንት በላይ ግን አትጀምሩ። አራት ኮር ካለ አራት የዳታ ፋይል፣ አሥራ ስድስት ካለም ስምንት። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ሲፈጥር አንድ ፋይል ላይ ያለውን የቦታ መዝገብ ይጋፋል፤ ፋይሉ ሲበዛ ግፊያው ይከፋፈላል። የሎግ ፋይሉ (ቴምፕሎግ) ግን ምንጊዜም አንድ ይበቃል፤ ሁለተኛ መጨመር የሚሰጠው ፍጥነት የለም።

የዳታ ፋይሎቹ እኩል መጠንና እኩል ዕድገት ይኑራቸው። ሰርቨሩ የሚጽፈው እያንዳንዱ ፋይል ባለው ባዶ ቦታ ልክ እያካፈለ ስለሆነ አንዱ ከበለጠ ሸክሙ ወደሱ ያዘነብላል። ዕድገቱ በመቶኛ ከሚሆን በሜጋባይት ይሁን፤ 10 ከመቶ ማለት ፋይሉ በተለቀ ቁጥር የሚጨምረውም እየተለቀ ይሄዳል ማለት ነው። ከ2016 ወዲህ ያለው መነሻ 8 ሜጋባይት ሆኖ 64 ሜጋባይት እየጨመረ የሚሄድ ነው። ለሙከራ ይሆናል፣ ለሥራ ግን ያንሳል፤ በሪፖርት መሀል በየደቂቃው «ልደግ» እያለ ይቆማል።

በአራት ኮር ማሽን ላይ 40 ጊጋባይት የሆነ ቲ ድራይቭ ቢኖራችሁ እንዲህ ማከፋፈል ይቻላል፦ አራት የዳታ ፋይል እያንዳንዱ 7 ጊጋባይት፣ አንድ ሎግ 4 ጊጋባይት፣ በድምሩ 32። የቀረው 8 ጊጋባይት ለድንገተኛ ዕድገት ይተዋል። ለአንዱ ፋይል ትዕዛዙ ሁለት መስመር ነው፦

ኦልተር ዳታቤዝ ቴምፕዲቢ ሞዲፋይ ፋይል (ኔም = ቴምፕዴቭ, ሳይዝ = 7168ኤምቢ);
ኦልተር ዳታቤዝ ቴምፕዲቢ ሞዲፋይ ፋይል (ኔም = ቴምፕዴቭ, ፋይልግሮውዝ = 512ኤምቢ);

የሚጨመር አዲስ ፋይል ካለ «ሞዲፋይ ፋይል» በሚለው ቦታ «አድ ፋይል» ይገባል፤ በቅንፉ ውስጥ ስሙ፣ ሙሉ አድራሻው፣ መጠኑና ዕድገቱ አብረው ይጻፋሉ።

የእናንተ ድርጅት ስንት እንደሚያስፈልገው የሚታወቀው በመለካት ነው። ሰርቨሩ ሳይጠፋ አንድ ሁለት ሳምንት፣ ከተቻለ የወር መዝጊያን አካቶ ይሥራ፣ ከዚያ ፋይሎቹ የደረሱበትን እዩ። ኢንዴክስ በቴምፕዲቢ ውስጥ እየደረደራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ከትልቁ ኢንዴክስ የማያንስ ባዶ ቦታ ይኑር። ቼክዲቢ የሚፈልገውን ግምት ደግሞ ራሱ ይነግራችኋል፦ ዲቢሲሲ ቼክዲቢ ዊዝ ኤስቲሜትኦንሊ።

የዳታ ፋይል ሲያድግ ዊንዶውስ አዲሱን ቦታ በዜሮ እየሞላ እንዳያስጠብቅ፣ ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ ውስጥ «ፐርፎርም ቮልዩም ሜንተናንስ ታስክስ» የሚለውን መብት ለዚያው የሰርቪስ አካውንት ስጡ፤ ከሚቀጥለው ሪስታርት በኋላ ይሠራል። በ2022 እትም እስከ 64 ሜጋባይት ከሚደርስ የሎግ ዕድገት በቀር ይህ ለሎግ ፋይል አይሠራም፤ ለዚህ ነው ሎጉን ከመጀመሪያው በበቂ መጠን መክፈት የሚሻለው።

ሰርቨሩ አልነሳ ካለ

አትደንግጡ፣ የድርጅቱ ዳታ አልተነካም። የቀረው ቴምፕዲቢ የሚፈጠርበት ቦታ ብቻ ነው። ሰርቪሱን ደጋግሞ «ስታርት» ከማለት ይልቅ ኤረር ሎጉን ክፈቱ። ኤስኪውኤል ሰርቨር በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ሎግ የሚባል ፎልደር አለ፤ በውስጡ ኤረርሎግ የተባለው፣ ምንም ቅጥያ የሌለው ፋይል የአሁኑ ነው። በኖትፓድ ይከፈታል። ወደ መጨረሻው ውረዱና 5123 የሚለውን ቁጥር ፈልጉ፤ ከአጠገቡ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ኤረር ይጻፋል።

ቁጥሩ 3 ከሆነ መንገዱ አልተገኘም፦ ፎልደሩ አልተፈጠረም፣ ስሙ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል፣ ወይም ድራይቩ ፊደል ቀይሯል። 5 ከሆነ ፈቃድ የለም፣ ወይም ከላይ እንዳልነው አድራሻው ፎልደሩ ላይ ቆሟል። 112 ከሆነ ዲስኩ ላይ ቦታ አይበቃም፤ የመነሻ መጠኖቹ ድምር ከድራይቩ በልጧል።

ብዙ ጽሑፎች በዚህ ጊዜ በቀጥታ ወደ ልዩ የማስነሻ መንገድ ይወስዷችኋል። አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ፎልደሩ ጎድሎ ከሆነ ሎጉ ውስጥ የተጻፈውን አድራሻ አንብባችሁ ልክ በዚያ ስም ፎልደር ፍጠሩ፣ ከነስህተቱም ቢሆን። ፈቃዱ ጎድሎ ከሆነ ስጡት። ፊደሉ ተቀይሮ ከሆነ በዲስክ ማኔጅመንት መልሱት። ከዚያ ሰርቪሱን አስነሱ፤ አድራሻውን ማስተካከል በኋላ ተረጋግቶ ይደረሳል።

ልዩው መንገድ የሚያስፈልገው ዲስኩ ከነአካቴው ሲሞት ወይም አድራሻው በምንም መንገድ ሊሟላ በማይችልበት ጊዜ ነው። ኤጀንቱን አቁሙ፣ ፕሮግራሙ ያለባቸውን ማሽኖች ከኔትወርክ ለዩ። በዚህ ሁኔታ ሰርቨሩ የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ቀድሞ የገባ ፕሮግራም ቦታውን ይይዝባችኋል። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈቱና፦

ኔት ስታርት ኤምኤስኤስኪውኤልሰርቨር /ኤፍ /ቲ3608

ለኤክስፕረስ የሰርቪሱ ስም ኤምኤስኤስኪውኤል$ኤስኪውኤልኤክስፕረስ ነው። ቲ3608 ላይ ያለው ቲ ትልቁ ፊደል ይሁን። ይህ ሰርቨሩን በትንሹ ያስነሳዋል፣ ከማስተር በቀር ሌሎቹን ዳታቤዞች አያነሳም። ቀጥሎ፦

ኤስኪውኤልሲኤምዲ -ኤስ . -ኢ

ኤስ እና ኢ ትልልቅ ፊደላት ናቸው፤ በኤክስፕረስ ከነጥቡ ቀጥሎ \ኤስኪውኤልኤክስፕረስ ይጨመራል። ከገባችሁ በኋላ እነዚያኑ የኦልተር ዳታቤዝ መስመሮች በወረቀቱ ላይ ባለው አሮጌ አድራሻ ጻፉ። ከእያንዳንዱ በኋላ ጎ ብላችሁ ኢንተር ተጫኑ፤ ያለ ጎ ትዕዛዙ አይላክም፣ የተላከ መስሏችሁ ብትወጡ ምንም አልተቀየረም። ኤግዚት ብላችሁ ውጡ፣ በኔት ስቶፕ አቁሙት፣ ያለ ተጨማሪ ምልክት በኔት ስታርት አስነሱት። የመነሻ መጠኑን ቀድሞ አስፍታችሁ ከነበረ ግን፣ ሲ ያንን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለው ከማስነሳታችሁ በፊት እዩ።

ጥቂት ቀሪ ነገሮች

አንቲቫይረሱ አዲሱን ፎልደር እንዳይፈትሽ አስወጡት፤ ሲ ላይ የነበረው ነፃ የማድረጊያ ዝርዝር ቲን አያውቀውም። በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ኢንስታንስ ካለ እያንዳንዱ የራሱ ቴምፕዲቢ ስላለው ሁለት የተለያየ ፎልደር ይፈልጋል፤ አንድ ፎልደር ውስጥ አንድ ዓይነት የፋይል ስም ካገኙ ሁለተኛው አይነሳም። ቲ ድራይቭ ላይ ባዶ ቦታ የሚያይ ሰው ባክአፕ ወይም ፊልም እንዳይጭንበትም የድራይቩን መለያ ስም «ቴምፕዲቢ፣ አይነካ» ብላችሁ ቀይሩት፤ መለያው በአማርኛ ቢጻፍ ዊንዶውስ ይቀበላል።